አልፈታ ያለው ፊልትሮና የዘይነባ መሬት

ትዝታ ሲባል ሰው ሁሉ መከዳ ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ የሚያስተናግደው ነገር ይመስለዋል። እኔን ባለፈው ሰኔ ትዝታ የያዘኝ ግን ትራክተር ሆድ ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ጥቁር ኦሊዮ በክርኔ በኩል እጅጌዬ ውስጥ እየገባ፣ ደሜ ፈልቶ ሳለ ነው። ያ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ከሚሴ ዳር መሬት ላይ የተዘረርሁት ሽማግሌ ቀረሁና ጨፋ ሜዳ ላይ ሰማያዊ ቱታ ለብሶ የምንጎማለል የነበርሁት ጎረምሳ መጣሁ። ደስ አለህ ወይ ብትሉኝ፣ ወላሂ አላለኝም። እጄ ላይ ያለው ፊልትሮ አልፈታ ብሎኝ ስለነበር፣ ትዝታ ቀርቶ የሠርግ ጥሪ ቢመጣልኝ የምቀበልበት ሆድ አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ከሚሴ ዳር የምንኖር ጥቂት አባወራዎች፣ ከመካከላችንም አንዲት እማወራ፣ አንድ ያገለገለ ቀይ ትራክተር በጋራ ገዝተናል። እማወራዋ ዘይነባ ናት፤ የሟቹ ጓደኛዬ የሰይድ ሚስት። እርሻው በተራ ነው። ባለፈው ዓመት የዘይነባ ተራ የደረሰው ዝናቡ ከገባ በኋላ ነበር። የእሷ መሬት ከቦርከና ወንዝ ጠርዝ ያለው ዝቅተኛ፣ የሚያጣብቅ ዋልካ አፈር ነው፤ ትልቁ ዝናብ አንዴ ከጣለበት እንኳን ትራክተር ፍየልም አትገባበትም። ስለዚህ መሬቱ ጦም አደረ። ዘንድሮ ተራዋ ቀድሞ ደረሰና ለሁላችንም ቁርጡን ነገረችን፤ መሬቱ ዘንድሮም ጦሙን ካደረ ለሚያርሰው ሰጥታ፣ ቤቷን ዘግታ፣ ደሴ ልጇ ዘንድ ትገባለች። ዘይነባ ደሴን አትወድም። ብርዱ አጥንቷ ውስጥ ይገባል፤ ከብርዱ ይልቅ ደግሞ በልጇ ባል ቤት እንግዳ ሆና፣ ሲሰጧት በልታ፣ ነግቶ እስኪመሽ ተቀምጣ መኖሩ ያስፈራታል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ራሷ ናት። ስለዚህ ያን ቀን የሚታረሰው የአንዲት ሴት ማሳ ብቻ አልነበረም።

ጠዋት ሰማዩ በደጋው በኩል ጠቁሮ አደረ። ከጥቂት ቀናት በፊት ያካፋው ካፊያ መሬቱን ልክ ለማረሻ አለስልሶታል፤ ትልቁ ዝናብ ደግሞ ዛሬ ነገ እያለ ነው። ኡመር፣ ከባለድርሻዎቹ በዕድሜ የሚያንሰውና ትራክተሩን የሚነዳልን ትከሻው በር የሚሞላ ሰውዬ፣ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ዘይነባ መሬት ሊወጣ ሲል ቀዩ የኦሊዮ መብራት በራና አልጠፋ አለ። ኦሊዮው ከስሏል፣ ፊልትሮው ተደፍኗል። አዲሱ ፊልትሮና አንድ ጀሪካን ኦሊዮ ከኮምቦልቻ ተገዝተው ቤት ተቀምጠዋል። አሮጌውን ኦሊዮ ማፍሰስ፣ አሮጌውን ፊልትሮ ማውጣት፣ አዲሱን መግጠም፣ መሙላት፤ ሥራው ይኸው ነው። ፊልትሮ ማለት የጣሳ ወተት የሚያህል፣ ሞተሩ ጎን ላይ እንደ ክዳን ተጠምዝዞ የሚገባ ቆርቆሮ ነው፤ የሚፈራ ነገር የለውም። ዘይነባ «መሬቱ ላይ ሆኜ እጠብቃችኋለሁ» ስትል እኔው ራሴ «አብሽሪ እታለም፣ ከኋላሽ ደረስን» አልኋት።

ኦሊዮው ፈሰሰ። በሆዱ ሥር ገባሁና ፊልትሮውን በመዳፌ ያዝሁት። ጠመዘዝሁት። ምንም። እጄ በኦሊዮ ስለሟለጨ ነው ብዬ በጨርቅ ያዝሁት። ምንም። ኡመር «ውጡ ጋሼ፣ እኔ ልየው» ብሎ ገባ፤ አንገቱ ሥር ያሉት ጅማቶች እንደ ገመድ እስኪወጠሩ ታገለው። ቆርቆሮው ጎኑ ጎደጎደ እንጂ መዞር የሚባል አላወቀም። ከሞተሩ ጋር አብሮ የተወለደ ነው የሚመስለው።

በጨፋው የመንግሥት እርሻ የትራክተር ኦፕሬተር በነበርሁበት ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ከሚሴ ያን ጊዜ እንዲህ አልተንዘላዘለችም። አስፋልቱ፣ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ቤቶች፣ ከኋላቸው የማሽላ ማሳ፤ አለቀ። አሁን የሞባይል መሸጫው ያለበት ማዕዘን ላይ አንድ ሻይ ቤት ነበረ። ወደ አሰብ የሚወርዱት ባለተሳቢ መኪኖች ከፊቱ ይቆማሉ፤ ሹፌሮቹ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው ይገባሉ። ሻይ በአስር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ ከዚያም ባነሰ። ባለቤቱ ቴፑን ጥልፍ ልብስ አልብሶ መደርደሪያው አናት ላይ ሰቅሎታል፤ ካሴቱ ድምፁ ሲጎተት አውጥቶ በእስክሪብቶ አጠንጥኖ ይመልሰዋል። ቅዳሜ ከሰዓት እኔና ሰይድ ቱታችንን አውልቀን፣ ቴትሮን ሸሚዝና እግሩ መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ለብሰን፣ አፍሯችንን በሚዶ አንስተን ስንገባ «ኦፕሬተሮቹ መጡ!» ይልና ካሴት ይቀይርልናል። የምንወደውን ያውቃል፤ ከወሎ ዜማ ውስጥ ጭብጨባ የበዛበትን። የእኔ ፀጉር ያኔ ወፍ ጎጆ ቢሠራበት ይበቃ ነበር፤ አሁን ኮፍያዬን ሳወልቅ የልጅ ልጆቼ ይስቃሉ።

ዘይነባን ያወቅናት በዚያው ዘመን ነው። በእርሻው በር ላይ ሸንኮራ ትሸጥ ነበር። ቀጭን፣ ምላሷ የተሳለ ልጅ ናት። ሰይድ የደጋ ሰው ስለነበር ኦሮምኛ አይችልም፤ እሷ ደግሞ አማርኛውን እያወቀችው ሆን ብላ በኦሮምኛ ብቻ ታናግረዋለች። «አካም ጅርታ» ትለዋለች፣ እንዴት ነህ ማለቷ ነው፤ እሱ ደንግጦ ሁለት አገዳ ሸንኮራ ይገዛል። በነጋታው ሌላ ቃል፣ ሌላ ሸንኮራ። ሰይድ ሸንኮራ አይወድም ነበር፤ ጥርሱን ያመዋል። የገዛውን ሁሉ የምግጠው እኔ ነኝ። ኦሮምኛውን በመጨረሻ ከእሷ ተምሮ ሽማግሌ ይዞ ሲሄድ፣ አባቷ ፊት ያለ አስተርጓሚ ተናገረ። ሰይድ ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነገር ነበረው፤ «አንድ ቀን የራሳችንን ትራክተር እንይዛለን፣ ያኔ ማንም አለቃ አይጮኽብንም።» ዕድሜ አልሰጠውም። ትራክተሩ ሲገዛ ዘይነባ ድርሻ ልግባ ያለችው ለዚሁ ቃሉ ብላ ነው፤ እኔም ለዚሁ ብዬ ነው በዚህ ዕድሜዬ ብረት ሥር የምንፏቀቀው።

እንግዲህ ወደ ፊልትሮው። ከአሮጌ ሞተር የወጣ ቺንጊያ ነበረን፤ ያን የላስቲክ ጠፍር በፊልትሮው ዙሪያ ጠምጥመን፣ ጫፉን በቧንቧ ብረት አስረን፣ ቧንቧውን እንደ እጀታ ልንጎትት አሰብን። እኔ ከሥር ሆኜ ቺንጊያውን እይዛለሁ፣ ኡመር ከላይ ቆሞ ይጎትታል።

«ወደ ግራ!» አልሁት።

«በማን ግራ ጋሼ?»

«በእኔ!»

ጎተተ። ቺንጊያው ጮኸ። ፊልትሮው በእርግጥ ትንሽ ዞረ። ደስ ብሎኝ «አልሃምዱሊላህ!» ልል አፌን ስከፍት የዞረበትን አቅጣጫ አየሁ። የባሰ አጥብቆት ነበር። እሱ ከላይ ሆኖ የሚያየው፣ እኔ ከታች ሆኜ የማየው፣ የእኔ ግራ የት እንደሆነ ለማስላት ዓይኑን ወደ ሰማይ ሰቅሎ የቆየው ሁሉ ተደባልቆ፣ እንኳን ሊፈታ ቀድሞ ያልነበረውን ጥብቀት ጨመርንለት። ከዚያ በኋላ ቺንጊያው ሟለጨ፣ እንደገና ጠመጠምነው፣ እንደገና ሟለጨ፣ በመጨረሻ ተበጠሰና የቧንቧው ጫፍ ጉልበቴን መታኝ። መንገዱ ላይ የሚያልፈው ባጃጅ ሁሉ ይቆማል። አንዱ ነጂ «ናፍጣ ረጭታችሁ ጠብቁት» ይላል፤ ሌላው «እሳት አሳዩት» ይላል፤ ሦስተኛው ሳይወርድ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ «በቃ ሰባብሩት» ብሎ ይሄዳል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ምክር የጠገብሁበት ጊዜ የለም።

ጉልበቴን እያሸሁ ወጣሁና «ይህን ፊልትሮ ባለፈው የገጠመው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ባለፈው ሲቀየር እኔ አልነበርሁም፤ ለዓይኔ ሕክምና ደሴ ሰንብቼ ነበር።

ከጥላው ሥር መቁጠሪያቸውን ይዘው የተቀመጡት ሐጂ ሙሄ፣ ከባለድርሻዎቹ ታላቁና ዱዓ አድራጊያችን፣ በኩራት ቀና አሉ። «ሁላችንም» አሉኝ።

«ሁላችሁም ማለት?»

«ሁላችንም ነዋ! ወዳጃ ተቀምጠን አልነበር? የሁላችን ንብረት አይደል? አንዱ ገጥሞት ሌላው ቆሞ ቢያይ በረካው የአንዱ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ተራ በተራ ቢስሚላህ ብለን፣ እጃችንን አሳርፈን፣ አቅማችን እስከቻለ አዞርነው።»

ኡመር መሬት መሬት እያየ ጨመረበት። «እኔ የመጨረሻ ነበርሁ። ዘይነባም ስላልነበረች፣ ድርሻዋ እንዳይቀርባት፣ የእሷንም ደግሜ አዙሬላታለሁ።»

ምን ልበል? ወዳጃ የእኛ አገር ነገር ነው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጫቱ ተዘርግቶ፣ ለታመመው፣ ለመንገደኛው፣ ለዝናቡ ዱዓ ይደረጋል። ለትራክተርም ይደረግ፤ እኔ በዱዓው ቅሬታ የለኝም። ግን ዱዓ በምላስ ነው እንጂ በክንድ ነው ወይ? በረካውን ለመካፈል ብለው በአንድ ፊልትሮ ላይ የአንድ ሰፈር ጉልበት አፈሰሱበት። የላስቲክ ቀለበቱን ኦሊዮ ቀብታችሁታል ወይ ብላቸው እርስ በርስ ተያዩ። ደረቁን ነው የገጠሙት። ደረቅ ላስቲክ በሙቀት ብረቱ ላይ ተጋግሯል ማለት ነው። ሐጂ ሙሄን ስለማከብራቸው አለፍኋቸው፤ ኡመር ላይ ግን ያለኝን ሁሉ አወረድሁበት። እሱም ታላቁ ስለሆንሁ አንገቱን ደፍቶ የተበጠሰውን ቺንጊያ ሰበሰበ፤ ያ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ጋሽ ወልዱ ቢያየን ምን ባለ! ጋሽ ወልዱ የእርሻው የመካኒኮች አለቃ ነበር። የወርቅ ጥርስ ነበረው፤ ናፍጣ ከሚሸተው ጋራዥ ውስጥ ሽቶ ተቀብቶ የሚገባ፣ ፀጉሩን በአንድ ጎን ከፍሎ በቅባት የሚያስተኛ ኩራተኛ ሰው። ትራክተር ሥር ተኝቶ አያውቅም፤ በጫማው ጫፍ እየጠቆመ ያዘናል። እኔ አልወደውም ነበር። ግን ፊልትሮ ስንገጥም ከአናታችን አይለይም። «ቀለበቱን ቀባ፣ በመዳፍህ አዙር፣ ሲነካ ትንሽ ጨምር፣ እጅህን አንሳ!» ይላል። እጄን ቶሎ ካላነሳሁ በቆሸሸ ጨርቅ ይመታኛል። «አንተ ፊልትሮ ነው የምትገጥመው ወይስ ጠላት ነው የምታንቀው?» እያለ። ያኔ ይህ ስድብ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ለስንቱ በደገምሁለት። እርሻው ሲፈርስ፣ መንግሥት ሲለወጥ፣ የትራክተሮቹ ጎማ እየተነቀለ የት እንደገባ ሳይታወቅ፣ እሱ የመፍቻ ሣጥኑን አንድ የአሰብ መኪና ላይ ጭኖ ሄደ። የተሰናበተው ሰው መኖሩን አላስታውስም። ቆርቆሮውን ከቀዩ ትራክተር ሆድ ስታገለው ግን ያ ሽቶው ትዝ አለኝ፤ የሚያስቀይም ትዝታ።

ከዙህር ሶላት በኋላ ዘይነባ ከመሬቷ ተመልሳ መጣች። መጀመሪያ ያየሁት ኮንጎ ጫማዋን ነው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ፊቷን በጎማውና በሆዱ መካከል አሳየችኝ።

«አሰላሙ አለይኩም። ወንድማለም፣ ወጣ?»

«እየወጣ ነው።»

«እየወጣ ነው ስትል ተንቀሳቅሷል ወይስ አልተንቀሳቀሰም?»

የጎደጎደውን ቆርቆሮ በጣቴ አሳየኋት።

«የሚከራይ ሌላ ትራክተር የለም?»

«ኡመር ደውሎ ነበር። ያሉት በሙሉ ጨፋ ገብተዋል። ከነገ ወዲያ ነው የሚሉት። አንቺ ግን አብሽሪ፣ አሁን...»

«ለኪ!» አለችኝ። ተው ማለቷ ነው፤ ዘይነባ ስትቆጣ ወደ እናቷ ቋንቋ ትመለሳለች። «አብሽሪ አትበለኝ አደም! ጠዋት አብሽሪ አልኸኝ፣ ይኸው ሰማዩ መጣ። በሬዎቼን ሸጬ የገዛሁት ብረት ነው ይኼ። በሬ እኮ ቢያመው እንኳ ቁም ሲሉት ይቆማል፣ ተነሥ ሲሉት ይነሣል። እናንተ ለአንድ ጣሳ ከጠዋት ጀምሮ ተሰብስባችኋል።»

ሐጂ ሙሄ «ሶብር አድርጊ ልጄ» አሏት። ፊቷን አዞረች። ሽማግሌን ዝም ብላ የምታልፍ ሴት አልነበረችምና ሁላችንም ደነገጥን። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ተነሣች። ወደ መሬቷ ግን አልተመለሰችም፤ ሽቅብ፣ ዘመዶቿ ወዳሉበት ኮረብታ መንደር ወጣች። ሐጂ ሙሄ በዓይናቸው ተከትለዋት «ለዘመዶቿ ልትሰናበት ነው» አሉ። እኔም ያንኑ አሰብሁ። ሰይድ ሲሞት እጄን ይዞ የተናዘዘልኝ ነገር የለም፤ ሳይናዘዝ ግን እሷን የማየው እኔ እንደሆንሁ እሱም እኔም እናውቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት በንዴት ነው። ካቻቢቴውን ፊልትሮው ጎን ላይ ደግኜ በመዶሻ ወጋሁት፤ በወዲያ በኩል እስኪወጣ። የቀረው ኦሊዮ ፊቴ ላይ ተደፋ። የካቻቢቴውን እጀታ ይዤ እንደ መንኮራኩር ልዘውረው ስል፣ ቆርቆሮው እንደ ወረቀት ተተረተረ። ዙሪያውን ቀደድሁት። ጣሳው በእጄ ቀረ፤ ሞተሩ ላይ የተጣበቀው ወፍራሙ የብረት ክብ ግን እንዳለ፣ ዙሪያውን ስል የቆርቆሮ ጥርስ አብቅሎ ቀረ። አሁን የሚያዝ ነገር እንኳ የለውም። መዳፌ ተቆርጧል። መዶሻውን ወረወርሁት። አንድ ባጃጅ ነጂ «ብዬ አልነበር!» ብሎ አለፈ፤ የትኛው እንደሆነ አላየሁትም እንጂ ባየው ኖሮ ያን መዶሻ የምወረውርበትን አውቅ ነበር።

ኡመር መዶሻውን አንስቶ አመጣልኝ። እጄን በጨርቅ አሰረልኝና ከጎኔ ተኛ። ከዚያ ሁለታችን የክቡን ጠርዝ በመሮ መታ መታ ማድረግ ጀመርን። መሮውን ጠርዙ ላይ አጋድሜ፣ ወደሚፈታበት ወገን ቀስ እያደረግሁ፤ ከመታሁት ነጥብ ቀጥሎ ሌላ ነጥብ፣ ከሱ ቀጥሎ ሌላ። እንደዚህ ያለ ሥራ ሰውን ያበግነዋል። ኃይል ብትጨምርበት ሞተሩን ትሰነጥቀዋለህ፤ ብትቀንስበት እዚያው ነህ። አንገቴ ደርቋል፣ ዓይኔ ዝገት ገብቶበታል፣ ወገቤን የእኔ ነው ለማለት ይቸግራል። የአሱር ሶላት ጥሪ ከመስጊዱ ተሰማ፤ ሐጂ ሙሄ ተነሥተው ሄዱ፣ ሰግደው ተመለሱ፣ እኛ እዚያው ነን። ከደጋው በኩል ነጎድጓዱ ሲያጉረመርም ኡመር በሹክሹክታ «ያ አላህ፣ ትንሽ ብቻ» አለ። ዝናቡን ይሁን ፊልትሮውን የለመነው አላወቅሁም።

ከዚያ የመሮው ድምፅ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ጠጣር ድምፅ ነበር፤ አሁን ፈዘዝ አለ። ክቡ ትንሽ ሄደ። እንደገና መታሁት፤ ሄደ። ጣቴን በጨርቅ ጠቅልዬ ያዝሁትና አዞርሁት። ከጠዋት ጀምሮ ያሰቃየን ብረት ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተሽከርክሮ እጄ ላይ ወደቀ። «ወጣ!» አልሁ። የሚጨበጭብ አልነበረም። እኔም ደስታ አልተሰማኝም፤ ሰድቤው እንዳልጠገብሁ ብቻ ነው የተሰማኝ። የአዲሱን ፊልትሮ ቀለበት ኦሊዮ ቀብቼ፣ በመዳፌ አዙሬ፣ ገጥሜ እጄን አነሣሁ። ሐጂ ሙሄ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘርጋ ሲያደርጉ ዓይኔን አይተው መለሱትና ከሩቅ ቢስሚላህ አሉበት። ኦሊዮ ሞላን። ሞተሩ ተነሣ። ቀዩ መብራት ጠፋ።

«ውረድ፣ እኔ ነኝ የምነዳው» አልሁት ኡመርን። ወረደልኝ፤ ጎኔ ቆመ። መንገዱን አውቀዋለሁ። ድሮ የእርሻው ጋራዥ የነበረበት ቦታ ዛሬ ሽንኩርት ተተክሎበታል፤ ሲሚንቶው ወለል ብቻ እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል። በዚያ ሜዳ ላይ እኔና ሰይድ ጎን ለጎን እያረስን፣ ከሞተሩ ጩኸት በላይ እየዘፈንን፣ ማን ትልሙን ቀጥ አድርጎ አወጣ እየተባባልን እንወራረድ ነበር። ሁልጊዜ የሚያሸንፈኝ እሱ ነው። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጥሁት። ጥቁሩ ደመና ከኮረብታው ላይ ወደ ሜዳው መውረድ ጀምሯል፤ ነፋሱ የረጠበ አፈር ይሸታል። እንደ ዕብድ ለብቻዬ አወራሁ፤ «ሰይድ፣ ደረስንላት፤ ቢያንስ ግማሹን እናርስላታለን፤ ደሴ አትሄድም።» ኡመር ሰምቶኝ ከሆነ እንዳልሰማ ሆነ።

ወደ ቦርከና የሚያወርደውን መታጠፊያ ስዞር መሬቷን አየሁት። ጥቁር ነበር። ታርሷል። ከኮረብታው መንደር የወረዱ ጎረምሶችና ሽማግሌዎች በሬዎቻቸውን ጠምደው፣ ጥንዱ ከጥንዱ ኋላ ተሰልፎ፣ ደቦ ወጥተውላት በዘፈን ያርሳሉ፤ በወንዙ በኩል አንዲት ጥግ ብቻ ቀርታለች። ዘይነባ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ ውኃ ታድላለች። ልትሰናበት የወጣች ሴት አልነበረችም። በትራክተሩ ጩኸት የፊተኞቹ ጥንዶች ደንብረው ከትልሙ ወጡ፤ አንዱ ቀንበሩን ሊያወልቅ ደረሰ። ዘፈኑ ተቋረጠ። ዘይነባ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ እየሮጠች መጣች።

«አጥፋው! አደም፣ አጥፋው! በሬዎቹን አስበረገግህብኝ!»

አጠፋሁት።

ከሞተሩ ጩኸት በኋላ ያለው ጸጥታ ጆሮ ያማል። በሬዎቹን አረጋጓቸው፤ ዘፈኑ ከዚያ ከቆመበት ቀጠለ። ወርጄ ቆምሁ፤ ፊቴ ላይ ኦሊዮ፣ እጄ ላይ ደም የነካው ጨርቅ። ዘይነባ አየችኝ። ልትስቅ ትችል ነበር፤ አልሳቀችም። ጀሪካኗን አዘንብላ እጄን አስታጠበችኝ።

«ደሴስ?» አልኋት።

«ማን ነው ደሴ የሚሄደው? ማሾ ልዘራ ነው። ማን ሊያርምልኝ ነው የምሄደው?»

ደስ አለኝ፤ በእርግጥ ደስ አለኝ። ግን ከደስታው ሥር አንድ የሚያቃጥል ነገር ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ የታገልሁለት ነገር እኔ ሳልኖርበት ሆኖ ማግኘት። ያን ልደብቀው አልችልም፤ ፊቴ ላይ አንብባዋለች መሰለኝ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አትቀየመኝ ወንድማለም። ሰይድ ትራክተር ይወድ ነበር፤ እኔ ግን ሰይድን ነበር የምወደው። ድርሻዬን የሚገዛ ሰው ፈልግልኝ። በሬ ልገዛበት ነው።»

ብዙ የምላት ነበረኝ። በረካ እንካፈል ብለው ፊልትሮውን እንዳጠበቁት፣ የእሷንም ድርሻ ኡመር እንዳዞረላት፣ ሦስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ እንደነበር፣ በሚቀጥለው ዓመት እኔ ራሴ እንደምገጥመው። የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች ትከሻዬ ላይ አረፉ። ወንዙ ዳር የቀረችውን ጥግ የያዘው ሽማግሌ ደክሞት ቆሟል፤ ወደ እኔ እያየ የማረሻውን እርፍ ዘረጋልኝ።

«እሺ እታለም» አልኋትና ሄጄ ያዝሁለት።